የረቡዕ ውሃ

«ምራቴ የውሃ ቦርድ ከገባች ወዲህማ ውሃችን ተቋርጦ አያውቅ፤ አልሃምዱሊላህ» ሲሉ ሀዲያ የሰማቻቸው አማቷ ናቸው። እማ ወርቂቱ የሚያወሩት ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ላለችው ጎረቤት ነው። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት አልነበረም፤ ዝናብ በወቅቱ ስለጣለለት የሚያመሰግን ገበሬ ይመስላል። ሀዲያ መፋቂያዋን በአፏ እንደያዘች ከጓሮው ጥግ ቆመች። ጎረቤቷ ምን እንደመለሰች አልተሰማም። ከቧንቧው ሥር የተቀመጠው ሰማያዊ በርሜል ከአፉ ሞልቶ፣ ውሃው በጎኑ እየወረደ ወደ ጎመኑ መደብ ይፈስሳል። ሀዲያ ውሃውን አየች፤ ቀጥላ ቀኑን አሰበች። ረቡዕ ነው። የእነሱ ሰፈር ተራ አርብና ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ይህን ቧንቧ ቢከፍቱት ከአየር በቀር የሚወጣ ነገር ሊኖር አይገባም።

ቧንቧውን ዘጋችው፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና ከፈተችው። ውሃው በኃይል መጣ። «እማ፣ ትናንትም ነበር?» ብላ ጠየቀች። እማ ወርቂቱ ከአጥሩ ዞር ብለው፣ «ምኑ?» አሉ። «ውሃው።» «ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም። ከተመረጥሽ ወዲህ መች ጠፍቶ ያውቃል» አሉና ዳሌያቸውን ደገፍ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። ሀዲያ ማለዳ ወጥታ ማታ የምትገባ ሰው ናት። በርሜሉን ሁልጊዜ ሙሉ ታገኘዋለች፤ በየትኛው ቀን እንደተሞላ ጠይቃ አታውቅም። ኩዌት በሰው ቤት በሠራችባቸው ስምንት ዓመታት ከምንጭ እየቀዱ ቤቱን ያኖሩት እኚህ ሴትዮ ናቸው። ባሏ ዛሬም ሪያድ ነው። ከተመለሰች በኋላ፣ «ከእንግዲህ ውሃ አያነሱም» ብላ ለአማቷ ቃል ገብታ ነበር፤ እና አሁን ቃሏ የተፈጸመ መሰለ። ግን ማን ፈጸመው? ይህ ጥያቄ ቁርሷን እየበላችም፣ ሻሿን እያሰረችም፣ ወደ ሱቋ ቁልቁል እየወረደችም አልለቀቃት አለ።

የሀዲያ ሱቅ ከመካነ ሰላም የሚኒባስ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለ ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለው። ወደ ከላላ የሚሄዱት መኪኖች ሲነሱ አቧራው እስከ ውስጥ ስለሚገባ ማሽኑን በነጠላ ትሸፍነዋለች። የደጋው ምንጭ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበርም ደንበኛዋ ነው። ማኅበሩ በከተማው ዳርቻ ያሉ ሦስት ሰፈሮችን ያጠጣል፤ ታች ሰፈርን፣ መሐል ሰፈርንና ላይ አምባን። ውሃው ለሦስቱም በአንዴ ስለማይበቃ እያንዳንዱ ሰፈር በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ይደርሰዋል፤ ሐሙስ ማጠራቀሚያው ይሞላል። ከሦስት ሳምንት በፊት አባላቱ ተሰብስበው አዲስ ቦርድ ሲመርጡ ከታች ሰፈር ከተመረጡት አንዷ ሀዲያ ነበረች። የተመረጠችው ለምን እንደሆነ ራሷም በደንብ አታውቅም፤ ምናልባት ማንበብና መጻፍ ስለምታዘወትር፣ ምናልባትም ከጎኗ የተቀመጡት ሴቶች ስሟን ስለጠሩ ይሆናል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ የአዲሱ ቦርድ የመጀመሪያ ስብሰባ ነበር። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ አለምነው ሪፖርቱን በዋዜማው በፍላሽ ልኮላት ስለነበር አትማ በስድስት ቅጂ ማባዛት ጀመረች። ሥራ አስኪያጁ በሥራ አመራር የተመረቀ፣ ከኩታበር የመጣ፣ ገና አራት ወር ያልሞላው ወጣት ነው። ሪፖርቱ ያምራል። ሥዕላዊ መግለጫ አለው፤ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት አለው፤ «የደንበኛ እርካታ ዘጠና አንድ በመቶ» የሚል መስመር አለው። ሀዲያ ማሽኑ እስኪያወጣ ድረስ እያነበበች ዘጠነኛው ገጽ ላይ ደረሰች። «በላይ አምባ የተከሰተው የውሃ መቋረጥ የቫልቭ ሠራተኛው አቶ ይሄነው የፈረቃ መርሐ ግብሩን በተደጋጋሚ ባለማክበራቸው የተፈጠረ በመሆኑ፣ ከሥራ እንዲሰናበቱ ለቦርዱ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቧል» ይላል። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር። ሀዲያ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

አስቻለች የገባችው ይህን ጊዜ ነው። የላይ አምባ ሴት ናት፤ የመምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። በአራት የታጠፈ ወረቀት ከጉያዋ አውጥታ ማሽኑ ላይ አኖረች። ከላይ «አቤቱታ» ተብሎ በእጅ የተጻፈ፣ ከሥሩ ፊርማና የጣት አሻራ የሞላበት ነው። «ሁለት ኮፒ» አለች። ከዚያ ሀዲያን ቀና ብላ አይታ፣ «ቦርድ ስለሆንሽ አይደለም ወዳንቺ ያመጣሁት፤ የዚያኛው ሰውዬ ማሽን ተበላሽቶ ነው» ስትል ጨመረች። ሀዲያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ውሃ ከጠፋ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ቦርድ የተመረጠ ሰሞን ነው። ማክሰኞ መጣ፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀረ፤ በቃ ቀረ። የሰው ልብስ ቤቴ ተከምሯል። በአህያ ጀሪካኑን በሃያ አምስት ብር እየገዛሁ ባጥብ ለልጆቼ ምን ይተርፈኛል? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተን ቧንቧውን እናዳምጣለን። ምናልባት ይመጣ ይሆናል እያልን። መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን ሰው የለም እኮ፤ ብቻ እንጠብቃለን።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሀዲያ ኮፒውን ሰጠቻት። አስቻለች ከወጣች በኋላ የተባዛውን ሪፖርት በካርቶን ከትታ ሱቁን ቆለፈች። ስብሰባው እስኪደርስ አራት ሰዓት ያህል ነበራት። ቫልቭ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ሰው ታውቀዋለች፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከቫልቭ በፊትና ከቫልቭ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አስባበት አታውቅም ነበር። ውሃ ከላይ ይመጣል፣ ቧንቧ ይከፈታል፣ ይቀዳል፤ የምታውቀው ይህን ያህል ነው። አሁን ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ማየት ፈለገች።

ጋሽ ይሄነውን ያገኘችው ከመሐል ሰፈር በላይ፣ ባህር ዛፎቹ ሥር፣ በሲሚንቶ የተገነባች አነስተኛ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጠው ነው። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ከጎናቸው የቫልቩ መክፈቻ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ባለ መስቀል ብረት፣ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። የማኅበሩ ቦይ ሲቆፈር በቀን ሥራ ገብተው በዚያው የቀሩ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ሲያዩዋት ብድግ ለማለት ሞከሩ። «ኧረ ይቀመጡ፣ ጋሽ ይሄነው» ብላ እሷም ሣሩ ላይ ተቀመጠች። የቤተሰብ፣ የጤና፣ የከብት ተጠያየቁ። ከዚያ ሀዲያ በቀጥታ ጠየቀች። «ዛሬ ረቡዕ ነው። እኛ ቤት ውሃ አለ። ለምንድነው?»

ሽማግሌው ፊቷን አጠኑት፤ ልትቆጣቸው የመጣች መሆን አለመሆኗን የሚመረምሩ ይመስላሉ። «ስለከፈትኩት ነዋ» አሉ በመጨረሻ። ማን ክፈት እንዳላቸው ጠየቀች። ብረቱን አንስተው ተነሱና፣ «ነይ ላሳይሽ» አሉ። ወደ ላይ ወጡ። ማጠራቀሚያው ካለበት ጉብታ ሥር ሦስት ጉድጓዶች አሉ፤ አንዱ የታች ሰፈር፣ አንዱ የመሐል ሰፈር፣ አንዱ የላይ አምባ። ጋሽ ይሄነው የሦስተኛውን ክዳን ገልጠው ብረቱን ወደ ውስጥ ሰደዱና አንድ ዙር ሞከሩት። «ይኼ እስከ ጥጉ ክፍት ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ተራቸው ስለሆነ ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው። ማንም አልዘጋባቸውም። ግን ጆሮሽን አስጠጊ» አሏት። ሀዲያ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ ጉድጓዱ አስጠጋች። ምንም አይሰማም። ወደ ታች ሰፈር ጉድጓድ ወሰዷት፤ እዚያ ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲሮጥ እንደ ሩቅ ነፋስ ይሰማል።

«ላይ አምባ በከፍታ ከማጠራቀሚያው እኩል ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው» ሲሉ አስረዷት። «ውሃ ቁልቁል ይወዳል። የታችኛው መስመር ክፍት ከሆነ ሁሉም ወደዚያው ይወርዳል እንጂ ሽቅብ የሚገፋው ነገር የለም። የእናንተ መስመር ሲዘጋ ብቻ ነው ወደነሱ የሚዞር። ይኸው ነው ሥራው። ሌላ ምሥጢር የለውም።»  እንግዲህ በጓሮዋ በርሜሉን አልፎ ለጎመን የሚፈስሰው ውሃ፣ አስቻለች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ የምታዳምጠው ውሃ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ እዚህ መጥቶ ጆሮ ማስጠጋት ይበቃል። በዘጠኙ ገጽ ሪፖርት ውስጥ ግን አልነበረም።

«ታዲያ ማን ክፈት አለዎት?» አለች እንደገና።

«የተመረጣችሁ ዕለት» አሉ ጋሽ ይሄነው፣ «አዳራሹ በር ላይ ቆሜ አይደል? ሊቀመንበሩ አቶ ብዙነህ ትከሻዬን ይዘው ‹አደራ ይሄነው፣ የቦርዱን ቤት እንዳትረሳ› አሉኝ። አንቺም አጠገባቸው ነበርሽ።»

ሀዲያ አስታወሰችው። ከአዳራሹ ሲወጡ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። የታች ሰፈሩ አቶ ብዙነህ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ተጫዋች ሰው ናቸው፤ የተናገሩት እየሳቁ ነው፤ ሌሎቹም ሳቁ። እሷም ስቃለች። «ያ እኮ ቀልድ ነው፣ ጋሽ ይሄነው» አለች። ሽማግሌው ብረታቸውን ሣሩ ላይ አስተኙ። «የኔ ልጅ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አምስት ሊቀመንበር አይቻለሁ። አንዱም ክፈት ብሎ አላዘዘኝም። አንዱ ‹የእናቴ ቤት እንዴት ነው› ይላል። አንዱ ሠርግ እንዳለበት ይነግረኛል። አንዱ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ሳይለኝ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ውሃ እንደሌለ አውቃለሁ። ያለፈው ሊቀመንበር መሐል ሰፈር ነበር ቤቱ፤ ያኔ የመሐል ሰፈርን መስመር በግማሽ ክፍት እተወው ነበር። አሁንም ከዚያ የተመረጡ ስላሉ ጨርሶ አልዘጋሁትም። ሊቀመንበር ሲቀየር ውሃውም ሰፈር ይቀይራል። በወረቀት ወደኔ የሚመጣው ደመወዝና ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።»

ሀዲያ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ኩዌት የነበረችበት ቤት እመቤት በስምንት ዓመት ውስጥ ቁጭ ብላ ሥራ ያዘዘቻት ከስንት አንዴ ነው። ታያት ነበር፤ ሳህኑን ታይና እሷን ታያለች፤ መስኮቱን ታይና እሷን ታያለች። ሀዲያ ያንን ዓይን ማንበብ ተምራ ነበር የኖረችው። ሳታነበው ስትቀር ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ ማንበቧ ስህተት ሲሆንም ጥፋቱ የእሷ ነበር። አሁን እሷ ራሷ ሳታውቀው በዓይን ከሚያዝዙት ወገን ሆና መገኘቷ አስደነገጣት። «የፈረቃ መርሐ ግብር ተጽፎ አልተሰጠዎትም?» ስትል ጠየቀች። «ልጁ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፎታል አሉ። አራት ወሩ ነው፤ ቢሮ ግባ ያለኝ የለም» አሉ። ልጁ ያሉት ሥራ አስኪያጁን ነው። ዛሬ ከሰዓት ምን እንደሚወሰንባቸው እንደማያውቁ ገባት።  «አብሽር፣ ጋሽ ይሄነው። ከሰዓት ቢሮ አካባቢ አይጥፉ» ብቻ አለቻቸው።

የማኅበሩ ቢሮ መሐል ሰፈር የተከራየ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሀዲያ ሪፖርቶቹን ይዛ ስትደርስ አቶ አለምነው ጠረጴዛውን ራሱ እየወለወለ ነበር። እንደተባለው መርሐ ግብሩ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በሦስት ቀለም የታተመ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ። ሀዲያ ፊቱ ቆማ አነበበችው። «ያምራል። ማን ማን አይቶታል?» አለች። «ለሁሉም ባለድርሻ አካል አሳውቀናል» አለ ወጣቱ፤ ወዲያው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ሰውዬ አይታዘዝም። ስጠይቀው ‹እሺ ጌታዬ› ይላል፤ ግን ላይ አምባ ውሃ የለም። ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ?» አላት። ክፋት አልነበረበትም። ዓይኑ ሥር የእንቅልፍ እጦት ይታያል። ሀዲያ ማጠራቀሚያው ጋ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ ልትጠይቀው ስትል ሊቀመንበሩ ገቡ።

ስብሰባው በሰዓቱ ተጀመረ። አቶ ብዙነህ በጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ። በቀኛቸው ጡረታ የወጡት መምህር አቶ አህመዲን አሉ፤ ቤታቸው ታች ሰፈር ነው። በግራቸው ከመሐል ሰፈር የተመረጡ ሁለት ሰዎች፣ ከነሱ ቀጥሎ ሀዲያ። አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ከላይ አምባ የተመረጠችው ሴት በተመረጠች በሳምንቷ ቪዛ መጥቶላት ወደ ጂዳ ሄዳለች። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በምትኳ ማን ይምጣ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። አቶ አለምነው ሪፖርቱን አነበበ። ስለ ራዕዩ ሲያነብ ሁለት ሰዎች አዛጉ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ነቃ አለ። ሊቀመንበሩ፣ «እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ሰውየው ዕድሜውም ገፍቷል። ሕዝብ እየተበደለ ዝም ማለት አንችልም» አሉ። የመሐል ሰፈሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ብዕሩን አነሳ።

ሀዲያ እጇን አወጣች።  ጋሽ ይሄነው ውጭ ስላሉ ገብተው ይጠየቁ አለች። ሊቀመንበሩ ሠራተኛ ቦርድ ላይ አይገባም ብለው መለሱ። «እንግዲያው እኛን ልጠይቅ» አለች። «ዛሬ ረቡዕ ነው። የላይ አምባ ተራ ነው። ቤታችን ውሃ ያለን ስንቶቻችን ነን? እኔ ቤት አለ። ጠዋት በርሜሉ ሞልቶ ይፈስስ ነበር።»

 ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ሲያልፍ ተሰማ። አቶ አህመዲን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔም ቤት አለ» አሉ፤ «ሦስት ሳምንት ሆነው። ባለቤቴን ሥራ አስኪያጁ ጎበዝ ነው ስላት ነበር።» ከመሐል ሰፈሮቹ አንዱ፣ «እኛም አይጠፋም፤ ቀጠን ይላል እንጂ» አለ። ሌላኛው አንገቱን በእሺታ ዘንበል አደረገ። ሁሉም ሳያስቡት ወደ አቶ ብዙነህ ተመለከቱ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶአቸውን እያሽከረከሩ፣ «አለ እንግዲህ፤ የኛ መስመር አንድ አይደል» አሉ። ከዚያ ያልተጠየቀው አቶ አለምነው ተናገረ። የተከራየው ክፍል ከቢሮው ጀርባ ነው። «እኔ ዘንድ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም» አለ። «ከዋናው ቱቦ ነው የተቀጠለው መሰለኝ። እኔ እኮ . . . ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ያለው መስሎኝ ነበር።» ፊቱ እየቀላ ሄደ። ዘጠና አንድ በመቶውን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው ባይኖርም፣ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠው።

ሀዲያ ጆሮዋን ጉድጓዱ ላይ አስጠግታ የሰማችውን ነገረቻቸው። የታችኛው መስመር ካልተዘጋ ውሃው ሽቅብ እንደማይሄድ አስረዳች። ጋሽ ይሄነው የላይ አምባን ቫልቭ በተራው ቀን እስከ ጥጉ እንደሚከፍቱ፣ የቦርዱን ቤት ግን መዝጋት እንደሚፈሩ ተናገረች። አቶ ብዙነህ ተቆጡ። «እኔ ክፈት ዝጋ ብዬ አላዘዝኩም» አሉ። «እውነት ነው፣ አላዘዙም» አለች ሀዲያ። «ቀልደው ነው። እኔም ስቄያለሁ። እሳቸው ግን የእኛን ሳቅ ነው ሲታዘዙ የከረሙት። ለዚህ እሳቸውን ካሰናበትን የሚመጣውም ሰው የሚያየው ፊታችንን ነው።» ሊቀመንበሩ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይገባ አሉ። ሀዲያ እንዲገባ፣ ከእሷ ቤት እንዲጀመር፣ ስሟም እንዲጻፍ ጠየቀች። አቶ አለምነው አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ አቶ ብዙነህ ተመለከተ። እሳቸው ደመወዙን የሚያጸድቁለት አለቃው ናቸው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ መጻፍ ጀመረ።

ስንብቱ ይሰረዝ በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አቶ አህመዲን ናቸው። መሐል ሰፈሮቹ እርስ በርስ ተያይተው ተከተሉ። አቶ ብዙነህ እጃቸውን ከጠረጴዛው አላነሱም፤ ግን ቃለ ጉባኤው ሲዞር ሳይናገሩ ፈረሙ። የስንብቱ ሐሳብ ተሰረዘ። መርሐ ግብሩ በየሰፈሩ ቦኖ ላይ እንዲለጠፍ፣ ከእሱ ውጪ የሚሰጥ ማንኛውም ትእዛዝ በጽሑፍና በፊርማ እንዲሆን፣ ላይ አምባም በሳምንት ውስጥ ተወካዩን እንዲመርጥ ተወሰነ። ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ሲነሱ ሀዲያን ሰላም ሳይሏት ወጡ። አልገረማትም። ይልቅ የገረማት ጋሽ ይሄነው የነገሯት ነገር እንዲህ ፈጥኖ በእሷ ላይ መድረሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ትእዛዙን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ በረንዳው ላይ ለቆሙት ሽማግሌ ሰጣቸው። ጋሽ ይሄነው ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ቀስ ብለው አነበቡ። የታች ሰፈርና የመሐል ሰፈር መስመር አሁን ይዘጋ፤ ላይ አምባ እስከ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጠጣ ይላል። «ነገ አቶ ብዙነህ መንገድ ላይ ቢያገኙኝስ?» ሲሉ ጠየቁ። «ጽፈው ይስጡኝ ይበሏቸው» አለ አለምነው። ሽማግሌው ይህን ለራሳቸው በከንፈራቸው ደገሙት፤ አነጋገሩን የሚለማመዱ ይመስላሉ። ከዚያ ብረታቸውን ተሸክመው ዳገቱን ጀመሩ። ወጣቱ ጥቂት ቆሞ አያቸውና ኮቱን ቢሮው ውስጥ ጥሎ ተከተላቸው። ማጠራቀሚያውን አይቶት አያውቅም ነበር።

ሀዲያ ቤቷ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ወሬው ቀድሟታል። እማ ወርቂቱ በረንዳው ላይ አጭር ዱካ ስበው ተቀምጠዋል፤ ሰላምታዋን በጭንቅላታቸው ብቻ ተቀበሉ። ሀዲያ አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ ይመጣል።  ሀዲያ ስለ ዳሌያቸው፣ ስለ ስምንቱ ዓመት፣ ስለ ገባችው ቃል ልትናገር ፈልጋ ከየት እንደምትጀምር ቸገራት። «አንቺ ነሽ ያዘጋሽው አሉ» አሉ በመጨረሻ አማቷ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አዎ፣ እማ። የኛ ተራ አርብና ቅዳሜ ነው።»  እማ ወርቂቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ላይ አምባ ደረሰላቸው?» ሲሉ ጠየቁ። ሀዲያ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። «ሳታዪ ነው የመጣሽው?» አሉ አማቷ፤ አሁን ፊታቸው ወደ እሷ ዞሯል። «እኛ አጥተነው እነሱም ካላገኙት ምን ሠራሽ? ሂጂና እዪ። ስትመለሽ ትነግሪኛለሽ።»

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ላይ አምባ ደረሰች። ቦኖው ዙሪያ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ነበሩ፤ ቢጫ ጀሪካኖቹ ከተሰለፉበት መስመር ወጥተው ተከማችተዋል። ውሃው ለመምጣት ጥቂት ደቂቃ ነው የቀደማት። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ፣ አሁን ግን እየጠራ ነው። ሴቶቹ እየተገፋፉ ነበር። አንዲት እርጉዝ ሴት በክርን ተገፍታ ወደ ጎን ወጥታለች፤ ጀሪካኑ ሳይሞላ ከቧንቧው የሚነጠቅ አለ፤ ሁሉም የሚያውቀው ውሃው በማንኛዋም ደቂቃ ሊቆም እንደሚችል ነው። አስቻለች በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ይዛ መሐላቸው ተሰንቅራለች። ሀዲያን ስታያት ፊቷ ላይ ምስጋና አልታየም፤ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«መቼ ነው የሚዘጋው?» አለች።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» አለች ሀዲያ።

«ማን አለ?»

«ተጽፏል። ነገ እዚህ ይለጠፋል። ነገ ሁለት ሰዓት ይዘጋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይከፈታል።»

አስቻለች ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች፤ «እስከ ነገ ሁለት ሰዓት ነው የሚቆየው» አለች፤ ያልሰሙት እንዲሰሙ ደግማ ተናገረችው። ቃሉ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አለፈ። ያመኑት ሁሉም አልነበሩም። ግን ግፊያው ቀስ በቀስ ላላ። አንዷ ጀሪካኗን ወደ መስመሩ መለሰች፤ እርጉዟ ሴት ከፊት እንድትገባ ቦታ ተለቀቀላት። አስቻለች ተራዋ ሲደርስ የመጀመሪያውን ጀሪካን ሩብ ያህል ሞልታ ክዳኑን ገጠመችና ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥሩ የረጋውን ጭቃ ለማጠብ ወዝወዝ አደረገችው። ከዚያ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው። ማንም ምን ነካሽ አላላትም። ጀሪካኑን መልሳ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችና እስኪሞላ ድረስ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።